ጆሮ ትልቁና አሥራ ሁለተኛው ገጽ

ሐምሌ 6
ባዝራዎቹ ዛሬ አምስት ጊዜ ታለቡ። እማዬ ታልባለች፣ እኔ ውርንጭሎቹን እይዛለሁ። ግራጫው ረገጠኝ... ጉልበቴ አብጧል። ትምህርት ቤት ከተዘጋ ጀምሮ ያው ነው። ግጦሽ፣ የሱፍ ድንኳን፣ ዝንብ።

ከሰዓት ታናሽ እህቴ ሴዚም የቶልኩንን መጽሐፍ ይዛ መጣች። ታላቅ ወንድማችን ለእሷ ብሎ በእጁ የሣለው። አሥራ አንድ ገጽ። አሥራ ሁለተኛው ባዶ ነው። ቶልኩንን ወንዙ ከወሰደው ዛሬ ሃያ ስድስተኛ ቀኑ።

"ኤሰን ጋሼ፣ ጨርስልኝ።"
"ሥዕል አልችልም።"
"እሱም መጀመሪያ አይችልም ነበር።"
አምስት ዓመቷ ነው። መጀመሪያውን የት አየችው?

እማዬ ሰማች። "በአርባው ልብሱ ለዘመድ ሲከፋፈል መጽሐፉ ሳጥን ይገባል። የእጁ ሥራ ነው። ያላለቀ ነገር ልጅ እጅ ገብቶ ይቀደዳል።"
"ካለቀስ?"
"ካለቀማ የሷ ነው። ለሷ ብሎ ነው የጀመረው።"
አሥራ አራት ቀን አለኝ።

ሐምሌ 7
ታሪኩ ይሄ ነው። ጆሮ ትልቁ የሚባል ውርንጭላ ታስሯል። ፍየሏን ፍቺኝ ይላታል። "ጨው የሌለበት ገመድ አልበላም" ትለዋለች። ግመሉን ይለምናል። "ጎንበስ ስል ወገቤን ይይዘኛል።" ቁራው ቀጠሮ አለብኝ ብሎ ይበራል። በየገጹ ሥር ያው አንድ ዓረፍተ ነገር፦ "ጆሮ ትልቁም እንደታሰረ ቀረ።" አሥራ አንደኛው ገጽ ላይ ቁጭ ብሎ ያስባል። ከዚያ... ምንም።
ቶልኩን ምን ሊያደርገው ነበር?

ሐምሌ 9
በሌላ ወረቀት ላይ ሞክሬ ጨረስኩ። ሲመሽ አንድ ሽማግሌ መጥተው ይፈቱታል፣ ስለ ትዕግሥትም ይመክሩታል። ምክሩ ያምራል። አስተማሪያችን ቢያዩት ሙሉ ውጤት ይሰጡኝ ነበር። ለሴዚም አነበብኩላት።

"እኚህ ሰውዬ ከየት መጡ?"
"ከ... ከቤታቸው።"
"ቅድም ፍየሏን ስንለምን የት ነበሩ?"
"ሥራ ይዘው ነበር።"
"ደግሞ ውርንጭላ ሲመሽ ሁሌም ይፈታል። እሱ ምኑ ተረት ነው?"

ጥላኝ ከቡችላችን ጋር ልትጫወት ሄደች። ሽማግሌውን ቀደድኳቸው። ይቅር ይበሉኝ።

ሐምሌ 10
"ከእንቅልፉ ነቃ፣ ለካ ሕልም ነበር" አልኩ። "ፍየሏም የለችም?" ብላ አለቀሰች። ሕልሙም ተቀደደ።

ሐምሌ 13
ዛሬ ሥዕሉን ትቼ ቃላት ላይ በረታሁ። አሥራ አንደኛው ገጽ ሥር "ጆሮ ትልቁ እጅግ አዘነ፣ ልቡም ተሰበረ" ብዬ በእርሳስ ጨመርኩ።
"አያለሁ እኮ" አለች። "ጆሮው ወድቋል።"
አጠፋሁት። ቶልኩንም ባለፈው ዓመት እንደዚሁ ብሎኝ ነበር... "ሥዕሉ የተናገረውን አንተ አትድገመው። ሁለት ሰው አንድ ቀልድ ቢያወራህ አይሰለችህም?" ድምፁን ልረሳው ነው ብዬ ስፈራ ነበር። አልረሳሁትም።
ለዛሬ ይብቃኝ።

ሐምሌ 15
ዝናብ። ምንም አልሠራሁም።

ሐምሌ 17
ጅል ነኝ።

ሦስት ቀን ቀርቶኛል፣ ጨንቆኛል። ሴዚም አንብብልኝ አለች። ስንተኛ ጊዜ ነው? "ጆሮ ትልቁም እንደታሰረ ቀረ" ስል ኪኪኪ ትላለች።
"ምን ያስቅሻል?"
"አልታሰረማ።"
"እንዴት?"
"ችካሉ ይኸውልህ። አብሮት ይሄዳል።"

ማርማላታ የለበሰ ጣቷን አሳረፈችበት። ሦስተኛው ገጽ ላይ ችካሉ ዘመም ብሏል። አራተኛው ላይ ተነቅሏል። ከዚያ ወዲያ በየገጹ ሣሩ ውስጥ ከኋላው እየተጎተተ ነው፤ ወንዝ ዳር ፍየሏ ጋ፣ ኮረብታው ላይ ግመሉ ጋ፣ መንገዱ ላይ ቁራው ጋ። የትም እየዞረ ፍቱኝ ይላል። የፍየሏ ዓይን... ችካሉን ነው የምታየው። ሁሉም አውቀው ነው የሚቀልዱበት። ያላወቅነው እሱና እኔ ብቻ።

"ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?"
"የምታውቅ መስሎኝ። ቶልኩን ጋሼም ሲያነብ የማያውቅ ይመስላል።"

ቀኑን ሙሉ ውርንጭላ የምይዝ ሰው ነኝ። ባዝራ እስክትታለብ ውርንጭላ ቀን ቀን ይታሰራል። ታዲያ ችካል ማን ያያል? ቃሉ "ታስሯል" አለኝ፣ አመንኩት። ቃሉ ይዋሻል፣ ሥዕሉ እውነቱን ይዟል፣ የአምስት ዓመት ልጅ መሀል ተቀምጣ ሁለቱንም ትታዘባለች። ተንኮሉ ይሄ ነው። ከሷ በፊት መልሱን የሚነግራት ሽማግሌ ሳመጣ ጨዋታዋን ልቀማት ነበር።

ቶልኩን፣ ተጫወትክብኝ። ከት ብዬ ሳቅሁ። ከዚያ ሳቁ ሌላ ነገር ሆነ... ሴዚም ቡችላውን አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ።

ሐምሌ 19
አሥራ ሁለተኛው ገጽ አለቀ። ጆሮ ትልቁ ዞር ብሎ ችካሉን ያያል። እግሩ አምስት ይመስላል፤ አንዱ ጭራ ነው። ሥሩ ምን ልጻፍ? "ለካስ ነፃ ነበር"?
ሴዚም "ምንም አትጻፍ" አለች።
ምንም አልጻፍኩም።

ሐምሌ 20
አርባው ወጣ። እንግዶች በሉ፣ ጸለዩ፣ ልብሱ ተከፋፈለ። ካፖርቱ ለአጎቴ ደረሰ። ጠበበው፣ ግን ቀኑን ሙሉ አላወለቀውም።

ሰዉ ሲበተን እማዬ ሳጥኑን ከፍታ መጽሐፉን በእጇ ይዛ ቆማለች።
"አልቋል፣ እማዬ።"
ገለጥ አድርጋ አየች። "ይሄ ባለ አምስት እግር ያንተ ነው?"
"አንዱ ጭራ ነው።"
ሳጥኑን ሳትዘጋ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። "እስቲ አንብበው።"

አነበብኩ። አራተኛው ገጽ ላይ ፊቷን ወደ ሥዕሉ አስጠጋች። ቀና ብላ ሴዚምን አየቻት። ሴዚም ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። እማዬ በሻሿ ጫፍ አፏን ያዘች፣ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሰች ብዬ ደንግጬ ነበር። አይደለም።
"ይሄ ውሸታም" አለች። ቶልኩንን ነው።

ሁለቱ ተደጋግፈው ሳቃቸውን ያፍናሉ። ቀና ብዬ አላየኋቸውም። ምንም እንደማያውቅ ሰው ድምፄን አስተካክዬ "ጆሮ ትልቁም እንደታሰረ ቀረ" አልኩና ገጹን ገለጥኩ።