ጉበት ውስጥ የተኛው

ይድረስ ለታናሽ እህቴ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ትኩሳቱ ለቀቀሽ? እኔ አለሁ፤ እናታችንም ጉልበቷን ከማማረሯ በቀር ደህና ናት። በስልክ ያላወራሁሽ እሷ ካጠገቤ ስለማትጠፋ ነው።

ያን ሰሞን ስትደውይ፣ አንድ ቀን እየዘለለ የሚያንቀጠቅጥሽ ወባ ሆኖ ተገኘ አልሻት። እናታችን ባሌን ፕሎክን ጠርታ «አንተም ሰሞኑን እንዲሁ ስትንቀጠቀጥ ነበር፤ በስልክም ይተላለፋል እንዴ?» ብላ ሳቀችበት። እሱ አልሳቀም። ቆንጨራውን ይዞ ወጣ።

እኔም ወደ ዩን ሄድኩ፤ በመንደራችን የወባ ክኒን የምታድለው ሴት። ፍኖም ፔን ከተማ ፋብሪካ ውስጥ ልብስ ስትሰፋ የምትውል ልጅ ወባ ከየት ታመጣለች አልኳት። ትንኟ ከታመመ ሰው ደም ትጠጣለች፣ ተውሳኩ ሆዷ ውስጥ ተራብቶ ወደ ምራቋ ይወጣል፣ ከዚያ ሌላ ሰው ስትነክስ ታስተላልፍበታለች አለችኝ። ያቺ ትንኝ ደግሞ ጫካ እንጂ ከተማ አትኖርም። «እህትሽ ጫካ አድራለች» አለችኝ። እኔ ሞኟ፣ የለም፣ ለአዲስ ዓመቱ በዓል እንኳ ወደ ቤት እንዳትመጣ ፈቃድ ከልክለዋት ቀርታለች ብዬ ተሟገትኩልሽ።

እየተሟገትኩ ትዝ አለኝ። በዚያው በዓል ሰሞን ፕሎክ የዛፍ ሙጫ ልቀዳ ብሎ ጫካ ሰንብቷል። አብሬህ ልምጣ ስለው «እናትሽን ለማን ትተሽ?» አለኝ። ለስንቁ ሩዙን ጨምሪ ሲለኝም፣ ሥራው ከባድ ነው ብዬ በገዛ እጄ ጨመርኩለት።

ትናንት ደግሞ ደወልሽ። ደም ውስጥ ያለውን ተውሳክ የሚገድለውን መድኃኒት ሰጥተውሽ፣ ጉበት ውስጥ ተኝቶ የሚቀረውን የሚያጠፋውን ክኒን ግን «አሁን አይሆንም፣ ወደፊት ትወስጂዋለሽ» አሉኝ አልሻት። እናታችን የድሃ ልጅ ስለሆነች ነው ብላ ረገመቻቸው። ዩንን ጠየቅኳት። ክኒኑ ከደሙ ጋር ለማይስማማ ሰው ይከለከላል አለችኝ። ልጆች ሳለን ያንኑ ክኒን አብረን ውጠን ምንም እንዳልሆንን፣ አንቺም መረረኝ ብለሽ ሙዜን እንደበላሽብኝ ነገርኳት። «እንግዲያው ሌላ የሚከለከሉት…» አለችና፣ ሳትጨርስ ሆዷን በእጇ ዳበስ አደረገች።

ማታ ፕሎክን፣ እህቴን መጨረሻ ያየሃት መቼ ነው አልኩት። ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሳ «አምና» አለኝ። ቤቱ የእናታችን ነው፤ ጠዋት ዕቃውን ደጅ አወጣሁለት። እናታችን ምን አደረገሽ ብትለኝ፣ ጫካ ይስማማዋል አልኳት። ሌላ ቃል ከአፌ አልወጣም፤ የቀረውን አንቺው ንገሪያት።

ዩን እንደምትለው የተኛው ተመልሶ ይነሳል። ሲያንቀጠቅጥሽ ሳትዘገዪ ሐኪም ቤት ሂጂ፤ የደሙን መድኃኒት አይከለክሉሽም። የከለከሉሽን ደግሞ ጊዜው ሲደርስ ሳታቋርጪ ጨርሺው።

የአያቶቻችን መናፍስት አይለዩሽ። ሁለታችሁንም በሰላም ያገላግሏችሁ።

ታላቅ እህትሽ