አንጎላቸውን የሰጡት ቦክሰኛ

ወዳጄ፣

«እኔ አንጎሌን የምተወው እዚሁ ነው» አሉ ወረፋ መጠበቂያው ውስጥ አንድ ግዙፍ ሽማግሌ። ቃላቸውን እንዳለ ወሰድኩት፤ አልተሳሳትኩምም።

የአንጎል ተመራማሪዋ የአክስቴ ልጅ ከተማ አስጎበኝሃለሁ ብላ ያመጣችኝ መሥሪያ ቤቷ ነው። ጭንቅላት ላይ የሚያርፍ ቡጢ ውሎ አድሮ አልዛይመር የሚባለውን የመርሳት በሽታ ይጠራ እንደሆነ ታጠናለች። ሽማግሌው የቀድሞ ቦክሰኛ ናቸው፤ ሲሞቱ አንጎላቸው ለጥናቱ እንዲውል ፈርመዋል። አንተ ግን ባዋስከኝ አንድ መጽሐፍ ሦስት ዓመት ሙሉ ትነዘንዘኛለህ!

ደንብ ሆኖ ፈቃዳቸውን በየዓመቱ እንደ አዲስ ትጠይቃቸዋለች።

«ዘንድሮም ይሰጡናል፣ አባባ?»

«ውሰጂው። ብቻ ከፍተሽ ባዶ ካገኘሽው ለሚስቴ እንዳትነግሪያት!»

ይህንን ቀልድ ሲነግሯት አራተኛ ዓመታቸው ነው፤ እሷም አራቱንም ጊዜ ስቃለች።

ከዚያ ሽማግሌው፣ ኮታቸውን ታቅፈውላቸው አጠገባቸው ወደተቀመጡት ሴትዮ ዞር ብለው፣ በትልቅ ትህትና፣ «እርስዎስ ማንን ሊያሳክሙ መጡ?» አሏቸው።

«ባለቤቴን» አሉ ሴትዮዋ።

«አይዞዎት፣ እግዜር ይማርልዎት።»

«አሜን።»

የአክስቴ ልጅ ሰዓቷን አይታ መዝገቧ ላይ አንድ መስመር ጻፈች። እኛ ቤት ቢሆን «እርጅና ነው» ብለን አልፈነው ነበር።

የፖስት ካርዱ ቦታ አለቀብኝ። እናትህን ጉልበታቸውን ሳምልኝ፤ ለልጆቹ ከረሜላ ይዣለሁ በላቸው፤ መጽሐፍህም ደህና ነው። ቦክሰኛውና ሴትዮዋ ከተጋቡ አርባ ሁለት ዓመታቸው ነው።