ስለ ወንዙ ውሃ «ይቆየን» ያሉት አባት የሕይወት ታሪክ

ስማቸው ከፎቶግራፋቸው ሥር ተጽፏል፤ መሥሪያ ቤቱም ሰፈሩም የሚያውቃቸው ግን «ይቆየን» በሚለው ነው። የቤታችን አባወራ ከድልድይ ጠባቂ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1946 ዓ.ም. ወንዙ ዳር ባለች ባለ አንድ ክፍል የጥበቃ ቤት ተወለዱ። እናታቸው ምጥ ሲይዛቸው ውሃው ደጁን ዘግቶ ስለነበር አዋላጇ በታንኳ ነው የመጣችው። ከወንዝ ጋር ምን እንዲህ እንዳቆራኛቸው ሲጠየቁ «ስወለድ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ዘመድ ነው» ይሉ ነበር።

ትምህርታቸውን በዚያው ከተማ ጨርሰው፣ የውሃ ምህንድስና ተምረው፣ በ1969 ዓ.ም. በውሃ ዕቅድ መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ። በ1973 ዓ.ም. የሆስፒታል ልብስ ንጽሕና ክፍል ትሠራ ከነበረችው ባለቤታቸው ጋር ተጋብተው ሦስት ልጆች አፈሩ። ጸሎታቸው አጭር ነበር። ባለቤታቸው «ምነው አሳጠርከው?» ስትላቸው «ረጅም ስብሰባማ መሥሪያ ቤት አለልኝ» ይሏት ነበር።

ሥራቸው የወንዙን ውሃ መደልደል ነበር፤ ለከተማው ይህን ያህል፣ ለመብራት ይህን ያህል፣ ለሸንኮራ እርሻው ይህን ያህል። ክረምት ላይ ከዳሩ ሞልቶ ሜዳው ላይ የሚተኛውን መሥሪያ ቤቱ «ትርፍ ውሃ» ይለው ነበር። በ1988 ዓ.ም. ከሜዳው በላይ ያለው የወንዙ ግድብ ሁለት በሮች ክረምቱን ተዘግተው ይኸው ትርፍ ለእርሻው እንዲያዝ ታቀደ። ሜዳውን ከጥንት የያዙትን ነባር ሰዎች እንዲያነጋግሩ እሳቸው ተላኩ።

ስብሰባው የትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ነበር። ሽማግሌዎቹ በልጆች ወንበር ላይ ጉልበታቸው አገጫቸው ደርሶ ተቀመጡ። እሳቸው ሰብሳቢ ሆነው «ሜዳው ላይ የሚወጣው ውሃ ትርፍ ነው፤ ተስማምተናል?» ብለው ጠየቁ። እጁን ያላወጣ አልነበረም። አብረዋቸው የመጡት አለቃቸውም ደስ አላቸው።

ሲወጡ አንዲት ዓሣ አጥማጅ እናት በር ላይ እጃቸውን ያዟቸው።

«ተባረክ ልጄ። ትርፋችን መሆኑን የሚያውቅልን አጥተን ነበር።»

«እማማ፣ ትርፍ ሲሉ?»

«ትርፍ ነዋ። ወንዙ ውስጥ ያለውማ መንገደኛ ነው። ዓሣው የሚወልደው፣ ኩሬው የሚሞላው፣ የአያቶቻችን መቃብር የሚርሰው ሜዳ ላይ በወጣው ነው። አንተስ ምን ማለትህ ነው?»

«የተረፈ፣ የማይፈለግ ማለቴ ነበር።»

እማማ እጃቸውን ለቀቁ። «ታዲያ እንደዚያ በል እንጂ። እጄን ለምን አስነሳኸኝ?»

ተመልሰው ገቡ፤ ቃሉን አስረድተው እንደገና ጠየቁ። አንድም እጅ አልተነሳም። አለቃቸው «ድምፅ ተሰጥቷል፣ አለቀ» አሉ። እሳቸው ቃለ ጉባኤው ለፊርማ ሲቀርብላቸው «ይቆየን» አሉ። በሳምንቱም ይቆየን፣ በዓመቱም ይቆየን። ስሙ የወጣላቸው ያኔ ነው። ሰብሳቢው ካልፈረመ ውሳኔው ስለማይጸና በሮቹ ሳይዘጉ ቆዩ።

እሳቸውን ከዕቅድ ክፍል አንስተው መለዋወጫ መጋዘን አስቀመጧቸው፤ መስኮት የሌለው፣ ጎማ ጎማ የሚሸት ክፍል ነው። የመሥሪያ ቤቱን መኖሪያ ስላስረከቡ ልጆቹ በሁለት ክፍል አደጉ። ቤት ውስጥም «ፈርም አንተ ሰው፣ ልጆች አሉህ» ተብለዋል። «የሜዳው ሰዎችም አላቸው» ብለው እራታቸውን በሉ።

በ2004 ዓ.ም. ዕቅዱ እንደ አዲስ ሲጻፍ ከመጋዘን ተጠሩ። በዚህ ጊዜ ነባሮቹ ራሳቸው ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀመጡ፤ እማማም ነበሩ። «ትርፍ ውሃ» የሚለው ተሰርዞ «የሜዳው ድርሻ» ተባለ። የጠየቁት ሁሉ አልተሰጠም። አንዱ በር ክረምቱን በሙሉ እንዳይዘጋ ተወሰነ፤ ስለ ሁለተኛው ዛሬም ክርክር አለ።

በ2006 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ኋላ ኩላሊታቸው ታመመ። ሐኪሙ የሚጠጡትን ውሃ በልክ ሲያደርግባቸው «ስደለድል ኖሬ፣ ተራው የእኔ ሆነ» ብለው ሳቁ። ሲጠማቸው ግን አላጉረመረሙም። መስከረም 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ንጋት ላይ፣ ውሃው ሜዳው ላይ እንደተኛ፣ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ባለቤታቸው፣ አዋላጅ የሆነችው ትልቋ ልጃቸው፣ በያጁ ልጃቸው፣ መምህርቷ ትንሿ ልጃቸውና የልጅ ልጆቻቸው በሕይወት አሉ። እማማም በልጃቸው ክንድ ተደግፈው ዛሬ ከእኛ ጋር ቆመዋል።

በሆስፒታሉ ኮሪደር ሁላችንም ፈጣሪን «ይቆየን» ብለን ለምነነው ነበር። እሱ ግን ፈረመ። ፈቃዱ ይሁን። ነፍሳቸውን ከትርፉ ይቁጠርልን፤ እማማ በሚያውቁት ትርፍ።