ዳኛው ጫማሽ ላይ ተኝቷል

ውቢት፣
ወደ ሙዱላ፣ እናቴ ጋ ሄጃለሁ። ቁልፉ እንደ ወትሮው መስኮቱ ላይ ነው።

ጠንቋይ ነሽ ወይ ስትዪኝ በሳቅ ማለፍ አልነበረብኝም። ነኝ። ድመቴን ዳኛው ያልኩትም የጥፋተኛ ጫማ ላይ ስለሚተኛ ነው። የእትዬ አልማዝን ቅቤ የሰረቀችውን ያጋለጠው እሱ ነው።

አከራያችን ጋሽ ጴጥሮስ ከጠፉ ዛሬ አምስተኛ ቀናቸው። ዳኛው ጓሮ ያለውን ቆጮ የምንቀብርበትን ጉድጓድ ሲጭር ሰነበተ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ በር ላይ ያለውን ጫማ ሁሉ አሸተተና
ያንቺ ላይ ተኛ።

ማሬን የጨረስሽብኝን ይቅር ብዬሻለሁ። ይሄን ይቅር የምልሽ ግን እኔ አይደለሁም።

ፖሊሶች በአስር ሰዓት ጉድጓዱን ሊያስቆፍሩ ይመጣሉ። የነገርኳቸው እኔ ነኝ።

የዳኛውን የማታ ወተት እንድትሰጠው ለጎረቤት አደራ ሰጥቻለሁ። ዛሬ እቤት የምታድሪ አልመሰለኝም።

ማራኪ