በእኛ ምትክ ለተቀየሙልን ሥራ አስኪያጅ

ይድረስ ለክቡር አቶ አንዳርጋቸው
የሞገድ የባህልና የፊልም አዳራሽ ሥራ አስኪያጅ
ባሕር ዳር

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ ይልቁንም ስለ እኛ ሲያስብ የሚደክመው ልብዎ ደኅና ነው? እኛ ደኅና ነን። ይህን አስቀድሜ የምገልጸው፣ ሰኞ ዕለት በአዳራሽዎ በር ላይ ያስለጠፉትን ማስታወቂያ ያነበበ ሁሉ ሊያጽናናን እየመጣ ስለተቸገርን ነው።

ስሜ ምናሴ ይባላል። በአንድ ኮሌጅ ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነኝ፤ ከሥራ በኋላ ደግሞ የክራንች እግር ኳስ ቡድን አምበል ነኝ። ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ፣ ስድስት ተጫዋቾች በአንድ እግርና በሁለት ክራንች ይሮጣሉ፤ በረኛው ግን ሁለት እግር ያለው፣ አንድ እጅ የሌለው ሰው ነው። ስድስቱ አለን። በረኛ ካጣን ዓመት ከመንፈቅ ሆነን።

ባለፈው ቅዳሜ «ክራንቹን ያዙልኝ» የተባለው አስቂኝ ፊልም በአዳራሽዎ ሲታይ ስድስታችንም ነበርን። ፊልሙ የእኛን የመሰለ ቡድን ታሪክ ነው። ሰኞ ጠዋት የሚከተለው ተለጠፈ፦ «ፊልሙ የአካል ጉዳተኛ ወገኖቻችንን ክብር የሚነካ ሆኖ ስለተገኘ፣ ሰባት አካል ጉዳተኛ ተመልካቾችም አዳራሹን በተቃውሞ ጥለው ስለወጡ፣ በተለይም አንድ እጃቸውን ያጡ የዓባይ ማዶ ሽንኩርት ነጋዴ እንባ እያነቃቸው ስለሮጡ፣ ከዛሬ ጀምሮ እንዳይታይ ተወስኗል።»

መቀየማችንን ከማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በማንበባችን ያደረብንን ምስጋና ለመግለጽ ቃላት ያጥሩኛል። ቢሆንም ጥቂት ነጥቦችን በትሕትና ላስመዝግብ።

አንደኛ፣ ስለ ሳቁ። በፊልሙ ውስጥ ኳስ የበረኛውን ባዶ እጅጌ ከቅጣት ክልሉ ውጭ ትነካለች። ዳኛው በእጅ ተነካ ብሎ ያፏጫል። ክርክር ይነሣል፤ እጅጌ እጅ መሆን አለመሆኑን የሚያጣራ ኮሚቴ ሜዳው መካከል ይቋቋማል፤ ለኮሚቴው ወንበር ይመጣል፤ ቃለ ጉባኤ ይያዛል። እኛ ስድስታችን በሳቅ ፈረስን። የቀረው ተመልካች ግን ጭንቅ ላይ ነበር። ሴቶቹ የነጠላቸውን ጫፍ ነክሰው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ከኋላዬ የተቀመጡ አንድ አባት «ዝም በሉ እናንተ፣ ኃጢአት ነው! ነገ በልጃችሁ ቢደርስስ?» ብለው ሲቆጡ፣ ዘወር ብዬ እንባዬን ስጠርግ አዩኝ። እያለቀስሁ መስሏቸው «አይዞህ ልጄ» አሉኝ። መሳቄን ሲረዱ ደግሞ በጣም ተቀየሙኝ። ክቡርነትዎም የፊት ወንበር ላይ ሆነው እኛን ሲመለከቱ የእኚህ አባት ዓይነት ዓይን ነበረዎት፤ አልፈርድም።

ሁለተኛ፣ ስለ አወጣጣችን። አዳራሽዎ ፎቅ ላይ መሆኑን፣ ወደ ፎቁም የሚያወጡት ደረጃዎች ዐሥራ ስምንት መሆናቸውን ምናልባት አላስተዋሉ ይሆናል፤ ሁለት ደኅና እግር ያለው ሰው ደረጃ አይቆጥርም። እኛ ከሠርግም፣ ከስብሰባም፣ ከፊልምም ዐሥር ደቂቃ ቀድመን እንወጣለን፤ ሕዝቡ ሲጎርፍ ደረጃው ላይ ከተገኘን ተገፍተን የምንወርደው በክራንች አይደለምና። ቅዳሜም እንደ ልማዳችን ወጣን። መጨረሻውን ሳናይ መቅረታችን አንገብግቦናል። ይህንን ተቃውሞ ብለው መዝግበውልናል። ተቃውሞ ከሆነ የተቃወምነው ደረጃውን ነው፤ እሱም እስካሁን እየታየ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ሰባተኛው ሰው። ሰላህ የወረታ ተወላጅ ነው። ዓባይ ማዶ ሱቅ ከፍቶ ሽንኩርት ሲሸጥ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የጃኬቱን የግራ እጅጌ ኪሱ ውስጥ ከትቶ ነው የሚውለው፤ ደንበኞቹም እንዳላዩ ሆነው ኖረዋል። ቅዳሜ ስንወጣ ሲያየን እንዳያመልጡኝ ብሎ ተነሥቶ ሮጠ። ባጃጅ ልንሳፈር ስንል በር ላይ ደረሰብን። ያነቀው ትንፋሹ ነበር እንጂ እንባ አልነበረም።

«ቆዩኝ እስኪ! ያ በረኛ የፊልም ነው የእውነት? በአንድ እጅ ይቻላል?» አለን።

ከተጫዋቾቻችን ቀልደኛው ቴዎ፣ «ሁለት ካለህማ አንቀበልህም፤ ሕግ ነው» ብሎ መለሰለት።

ሰላህ ባጃጁን ተደግፎ ሳቀ። እሑድ ጠዋት ልምምድ መጣ። ጃኬቱን አውልቆ እንጨት ላይ ሰቀለው፤ ሦስት ኳስ በደረቱ መለሰ። ዓመት ከመንፈቅ የፈለግነውን ሰው የእርስዎ አዳራሽ በአንድ ቅዳሜ ሰጠን። ሰኞ መልሶ ወሰደብን።

ምክንያቱም አንድ እጁን ያጣ ሽንኩርት ነጋዴ ዓባይ ማዶ ውስጥ አንድ ብቻ ነው። ስሙን ባለመጥቀስዎ ያሳዩት ጥንቃቄ የሚደነቅ ነው፤ ከስሙ በቀር ሁሉንም ጽፈውታል። ከሰኞ ጀምሮ ሱቁ ለቅሶ ቤት መስሏል። «አላህ ያጥናህ፤ እንዲህ ይቀልዱብህ?» እያሉ ይገባሉ። አንዲት የቆየች ደንበኛው፣ «አንተ አትድከም፣ እኔው ልመዝን» ብላ ሚዛኑን ከእጁ ነጠቀችው። ረቡዕ ልጠይቀው ሄድሁ። ጃኬቱን ለብሷል፤ እጅጌው ኪስ ገብቷል።

«ምናሴ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአንድ እጅ መዘንሁ፤ ማንም አንድ ነገር ብሎኝ አያውቅም» አለኝ። «አሁን ሜዳ ብገባ ሊያዝኑልኝ ነው የሚመጡት። ሰርዘኝ።»

እሑድ የጎንደሩ ቡድን ይመጣል። ያለ በረኛ ሜዳ አንገባም።

አራተኛ፣ ስለ ጥርጣሬዬ። ይቅርታዎን እየለመንሁ፣ ንብረት ክፍል ሃያ ዓመት የሠራ ሰው ተጠራጣሪ ነው። ውሳኔው «በተመልካቾች አስተያየት መዝገብ ላይ በሰፈረው መሠረት» እንደተላለፈ ማስታወቂያው ግርጌ ላይ ይነበባል። ረቡዕ ዕለት መዝገቡን ለማየት ጠየቅሁ። ጥበቃው አቶ አዘዘ በቅንነት፣ «ቆይ ጋሼ፣ እየጻፉበት ነው» አሉኝ። ፊልሙ የታየው ቅዳሜ ነው። አራት ቀን ሙሉ የሚቀየም ተመልካች ማን እንደሆነ እስካሁን ስመራመር አለሁ።

በፊልሙ መጨረሻ አካባቢ ደግሞ፣ እኛ ልንወጣ ጥቂት ሲቀረን፣ አንድ ባለሥልጣን ይመጣል። ለፎቶ ሲል የአምበሉን ክራንች ተቀብሎ ይይዝለታል፤ ፎቶው እንዳለቀ ከነክራንቹ መኪናው ውስጥ ገብቶ ይሄዳል። እዚህ ላይ ሕዝቡ ነጠላውንም ኃጢአቱንም ረሳና በአንድ ድምፅ ሳቀ። እርስዎ ግን ተነሥተው ወጡ። በነገራችን ላይ አዳራሹን ጥሎ የወጣ የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ነዎት፤ ማስታወቂያው ላይ ግን አልተቆጠሩም። ከሦስት ዓመት በፊት ከቡድናችን ጋር ፎቶ ሲነሡ የያዙልኝን ክራንች ከጸሐፊዎ የተረከብሁት በአራተኛው ቀን ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርሁም። የፊልሙ ሠሪዎች የአዲስ አበባ ሰዎች ናቸው፤ እርስዎንም እኔንም አያውቁም። እንግዲህ ክራንች ይዞ የሚሄደው ሰው ብዙ ነው ማለት ነው፤ ብቻዎን አይደሉምና ይጽናኑ።

ስለዚህ ይቅርታ እንዲጠይቁን አንጠይቅም፤ ደግሞ የይቅርታ ስብሰባ ተጠርቶ ዐሥራ ስምንቱን ደረጃ እንዳንወጣ እንሰጋለን። የምንለምንዎ አንድ ነገር ነው። ማስታወቂያውን ያንሡና በቦታው፣ በዚያው ማኅተም፣ «ነጋዴው የሮጡት በረኛ ሆነው ለመመዝገብ ነው» የሚል ይለጥፉ። ዐሥር ቃል አይሞላም። ፊልሙንም ቢመልሱት፣ መጨረሻውን ያላየን ሰባት ሰዎች አለን።

ክብራችንን ከእኛ ደብቀው ለጠበቁልን ለእርስዎ፣ ከወገብ ዝቅ ብዬ፣ ክራንቹ በሚፈቅደው መጠን እጅ በመንሳት፣

ምናሴ አምባቸው
የቡድኑ አምበል
ሐሙስ፣ ባሕር ዳር

ግልባጭ
ለአስተያየት መዝገቡ (ቦታ ከተረፈ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ከማሸጌ በፊት ዛሬ ዓርብ ሰላህ ሱቅ ወስጄ አነበብሁለት፤ ጉዳዩ የእሱም ነውና እንደ እርስዎ ሳልጠይቀው ይፋ ማድረግ አልደፈርሁም። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ ሚዛኑን ከደንበኛዋ እጅ ተቀብሎ፣ «እሑድ በስንት ሰዓት ነው?» አለኝ። ወዲያው ገበያ ወጥተን የበረኛ ጓንት ገዛን። ባለሱቁ አንዱን ብቻ አልሸጥም ስላለ ጥንዱን ለመውሰድ ተገድደናል። የግራው ከነላስቲኩ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በአባሪነት ተልኮልዎታል። ለፎቶ ሲፈልጉት ይያዙት፤ ይህን እንኳ እንዲመልሱልን አንጠይቅም።