ከኖክባን ቁልል የወረደው ድንጋይህ

በጣም ለምናፍቅህ ወንድሜ ለኮልም፤

እንደምን ከረምክ? ጤናህስ? ያ ክፉ ሳል ለቀቀህ? እኛ ሲሞቀን እናንተን እዚያ አውስትራሊያ ይበርዳችኋል ይላሉ፤ ካፖርት ገዛህ ወይስ ዛሬም በዚያች በተቦጫጨቀች ሹራብህ ትንቀጠቀጣለህ? ይህን ሁሉ እንድጠይቅህ ያዘዘችኝ እማዬ ናት፤ እኔ በበኩሌ የምጠይቅህ ለምን እንደማትጽፍ ብቻ ነው። እኛ ተመስገን ደህና ነን። የእማዬ ጉልበት ዝናብ ሲመጣ ያማታል፤ ዝናቡ ደግሞ እንደምታውቀው ሄዶ አያውቅም።

እሰይ በል ኮልም፣ ኮረብታችን ተረፈ! ከመጀመሪያው ልንገርህ ብዬ ተቀምጬ ደስታው ቀደመኝ።

የድንጋይ ካባው ባለቤት ደፊ ኮረብታችንን ኖክባንን ሊገዛና አፈንድቶ የመንገድ ጠጠር ሊያደርገው እንደተነሣ ጽፌልህ ነበር። ከአናቱ ላይ ያለው የድንጋይ ቁልል የጥንት መቃብር ከሆነ ግን ሕጉ ማንም እንዳይነካው ይከለክላል። እናም ከአውራጃው መርማሪ ተላከ። ሰውዬው ከላይ ጥቂት ድንጋይ ቢያነሣ የሻይ ስኒ ስባሪ፣ ዝቅ ቢል የቢራ ጠርሙስ፣ አሁንም ዝቅ ቢል የአንዷ አሮጊት መቁጠሪያ አገኘ። ይሄማ አያቶቻችሁ እርሻ ሲያጸዱ የከመሩት ነው ብሎ ሻዩን ጠጥቶ ሄደ። በገዛ እጃችን እኮ ነው! በየሐምሌው መጨረሻ እሁድ፣ ሰው በሞተ ቁጥር፣ ሰው ባሕር በተሻገረ ቁጥር፣ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ጭስ ማውጫ በሚታይበት ጎን ድንጋይ እያኖረ፣ ከሥር ተኝቷል የሚባለውን የጥንት ሽማግሌ እናከብራለን ስንል ደብቀነው ኖረናል።

ከዚያ ግሮንያ የምትባል የጥንት መቃብር አጥኚ ከደብሊን መጣች። ቀጭን ናት፤ ቦት ጫማዋ ከእሷ ይከብዳል። ቁልሉን ዞራ ዞራ አየችና፣ ከሥሩ መቃብር መኖሩን አልጠራጠርም፣ ለማሳየት ግን የእናንተ ድንጋይ በሙሉ መውረድ አለበት፣ ፈቃዱን አመጣለሁ ጉልበቱ ግን የለኝም አለችን። በመንደሩ አዳራሽ የተሰበሰብነው ሁሉ አይሆንም አልን። ከኖክባን ድንጋይ ያወረደ ባለድንጋዩን ቀበረ እየተባለ ያደግን ሰዎች ነንና። እማዬ ከመቀመጫዋ ተነሣችና የኮልምን ድንጋይ የነካ እጁ ይቆረጥ ብላ ወጣች። ኮረብታው ይቅርብኝ፣ ልጄን አትንኩብኝ ነው ነገሩ። አልፈርድባትም። ያን ሰሞን ቤታችን መጥቶ ስለ ኮረብታ ያነሣ ሰው ሻይ አያገኝም ነበር።

ነገሩን የፈቱት አክስት አትራክታ ናቸው። በማግስቱ ያን የታመመ ወገባቸውን ይዘው በዱላ ዳገቱን ወጡ። ባላቸውን ባሕር የበላቸው ጊዜ ያኖሩትን ድንጋይ ፈልገው አገኙና ሳም አድርገው አነሡት። "ያኖርኩት እኔ፣ የማነሣውም እኔ። እሱ እንደሆነ ሞቷል፤ ድንጋይ ስላነሣሁበት ሁለተኛ አይሞትም" አሉ። ጎረቤታችን ማላኪም ኮፍያውን አውልቆ የአባቱን አወረደ። ከዚያ ወዲያ ማን ይቅር! ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ሆነና ሁሉም በየጎኑ እያወረደ መስኩ ላይ በየቤቱ ለይቶ ደረደረው። የእኛ ጎን ብቻ ጉብ እንዳለ ቀረ። እማዬን የሚደፍር አልነበረም።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እማዬ ለማንም ሳትናገር ወደ ኮረብታው አቀናች፤ እኔም ከኋላዋ። ልትሄድ ስትል ለጉራ የተሸከምካት፣ ማላኪ "አውስትራሊያ ሳትደርስ ወገብህ እዚህ ሊቀር ነው" ብሎ የሳቀብህ፣ ያቺ ነጭ ድንጋይ ትዝ ትልሃለች? እማዬ ወዲያው አወቀቻት። ቆማ አየቻት። ከዚያ አንገቷን ቀና አድርጋ ኮረብታው ላይ የነበረው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ልጄ ያለው አውስትራሊያ ነው፤ እዚህ ድንጋይ ሥር አይደለም" አለችና በሽርጧ አቅፋት ወረደች። ልሸከምልሽ ብላት ገላመጠችኝ። አለቀስኩ ኮልም፣ አላፍርም።

መግቢያው የት ተገኘ መሰለህ? ከእኛ ጎን ሥር! በሌላው ጎን የታየው ቁልሉን ዳር ለዳር የከበቡት ትልልቅ ድንጋዮች ብቻ ነበሩ፤ በሩ ላይ ተቀምጠንበት የኖርነው እኛ ነን። ግሮንያ በደረቷ እየተሳበች ገባችና ቆየች፤ ማላኪ ሽማግሌው ሻይ ሳይጋብዛት አልቀረም እያለ አሳቀን። ስትወጣ ፊቷ ጭቃ፣ ጭቃው ላይ እንባ። ግድግዳው ክብ በክብ ተቀርጿል፣ መሃል ላይ በድንጋይ ገበታ የተቀመጠ የተቃጠለ የሰው አጥንት አለ፣ አምስት ሺህ ዓመት ሳይሆነው አይቀርም አለች። አክስት አትራክታ አማተቡ። ከዚያማ ጩኸቱ ሌላ ሆነ፤ ደወሉን ማን እንደደወለው እስከ ዛሬ አልታወቀም፣ ቄሱም አልጠየቁ።

ደፊም ወሬውን ሰምቶ በመኪናው መጣ። ማላኪ የመስኩን በር ተደግፎ ጠበቀውና፣ "ዘገየህ ጌታው፣ ቤቱ ተይዟል። ተከራዩ አምስት ሺህ ዓመት ተቀምጦበታል፤ ቶሎ የሚለቅም አይመስልም" አለው። ሰውዬው ሳይወርድ መኪናውን አዞረ። ብዙም ሳይቆይ ኖክባንን ማንም እንዳይነካው ተወሰነ። ድፍን መንደሩ እስኪነጋ ጨፈረ፤ እማዬ በዚያ ጉልበቷ ሁለት ዙር ደነሰች ብልህ አታምነኝም።

በሐምሌው መጨረሻ እሁድ ድንጋያችንን መለስን። አሁን ሽማግሌውን እንዳንደብቀው ከላዩ ሳይሆን ዙሪያውን ነው፤ እያንዳንዱ ቤት ግን እንደ ድሮው በየጎኑ። ያልተመለሰችው ያንተ ብቻ ናት። ይዣት ልወጣ ብል እማዬ ከማድ ቤቱ መስኮት አላስነሣ አለችኝ፤ ባለቤቱ ይመልሳት ትላለች። ጠዋት ጠዋት አቧራዋን ትጠርግላታለች።

እማዬ ሁለት ጉንጭህን ስማለሁ ትልሃለች። አክስት አትራክታ በጸሎታቸው አልረሱህም። ማላኪ ወገብህን ይጠይቃል። ለባለቤትህ ለሸርሊ ሰላምታዬን ንገርልኝ፤ አይተናት ባናውቅም የእኛ ናት። ለትንሿ ልጃችሁ በእጇ ልክ የሆነች ድንጋይ ከወንዙ መርጬ አስቀምጬላታለሁ። ያንተዋም ድንጋይ ሰላም ትልሃለች። ከባድ ናት ኮልም፤ እኔ አልሸከምልህም፣ ና።

እህትህ ኑዋላ

ኖክባን፣ አየርላንድ
ነሐሴ 1968 እ.ኤ.አ.