ለልያ የተጠሩ ቢራቢሮዎች

ሰኔ 11፣ 1970
ዝናቡ ሲያባራ ልብስ አጠብኩ። ልጄን ልያን በረንዳው ላይ አስቀመጥኳት። የሰፈሩ ልጆች ቢራቢሮ ሲያባርሩ አየችና ፊቷን አዞረች። ልምሻ እግሯን ከያዛት ወዲህ መሮጥ የለም... እሷ መሄድ ካልቻለች እነሱ ለምን አይመጡላትም? ረሺዳን፣ የአጥር ጎረቤቴን፣ ቢራቢሮ ምን እንደሚወድ ጠየቅኳት። የወፍ ቆሎ የሚባለውን አበባና ግራዋ ትከዪ አለችኝ። ነገ እተክላለሁ።

መስከረም 19፣ 1971
የወፍ ቆሎው አበበ። ሁለት ቢጫ ቢራቢሮዎች መጡ። ልያ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ፣ «እማዬ፣ አንቺ ነሽ የጠራሻቸው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። አባቷ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አላየኋትም።

ጥቅምት 8
የቀበሌ ስብሰባ። በየጓሮው ጎመን ይተከል ተባለ። ሊቀመንበሩ ጓድ ዋቅጅራ እኔን እያየ አበባ አይበላም አለ። ሰው ሳቀ። የወፍ ቆሎውን በገዛ እጄ ነቅዬ ጎመን ተከልኩ... ምን ላድርግ?

ኅዳር 27
ጉድ ነው! ጎመኑን ነጭ ቢራቢሮ ወረረው። ለአበባዬ ሁለት ሦስት ነበር የሚመጣው፤ ቀበሌ ያስተከለኝ ጎመን ግን ያገሩን ሁሉ ሰበሰበ። ልያ በደስታ ልትሞት ነው። ረሺዳ ቅጠሉን ገልብጣ እንቁላላቸውን አሳየችኝ። ይሄ ነገ ትል ነው፣ ወላሂ ዛሬውኑ ልቀሚው አለች። ልያ እያየችኝ እንዴት አድርጌ?

ታኅሣሥ 13
ትሉ የኔን ጨርሶ ወደ ጎረቤት፣ ከዚያም ወደ ቀበሌው ማሳ ተሻገረ። ጓድ ዋቅጅራ ከሁለት ጠመንጃ ያዦች ጋር መጣ። ይሄ ሁሉ ቢራቢሮ ከየት መጣ ሲል፣ ልያ ከወንበሯ ላይ ደስ ብሏት፣ «እማዬ ናት የጠራችልኝ» አለችው። እኔ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

ታኅሣሥ 21
ተፈታሁ። ክሱ የኢኮኖሚ አሻጥር... እኔ? በቢራቢሮ? መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። አጠገቤ የታሰረችውን ልጅ ጠርተው ወስደዋት ሳትመለስ ስትቀር ነው የገባኝ። ጌታ ሆይ... ያስፈታችኝ ረሺዳ ናት። ልያን ቤቷ ወስዳ፣ በየቀኑ ቀበሌ እየተመላለሰች ቢራቢሮ የሰው ትእዛዝ አይሰማም ስትላቸው ሰነበተች። ልያ አንገቴን አቅፋ አልለቅ አለች።

ታኅሣሥ 24
ፀሐይ ወጣች። ልያን እንደ ድሮው በረንዳው ላይ አስቀመጥኳት። አንድ ነጭ ቢራቢሮ መጥቶ ጉልበቷ ላይ አረፈ። ደስ ብሎኝ ቆሜ ሳይ፣ እጇን አንስታ ጨፈለቀችው። ክው አልኩ። መንገዱን ግራ ቀኝ ቃኘችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ማንም አላየውም፣ እማዬ» አለችኝ።
መዳፏን በቀሚሴ ጠረግኩላት።